ታኮ የሌለበት ዳገት

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነበር ትላለች ለተጊዮርጊስ። የሚካኤል ማግስት። ከዚያ ቆም ትልና ጮክ ብላ ታስባለች፦ «አይደለም መሰለኝ። የሚካኤል ማግስት ዓርብ ነበር። ዓርብ ቢሆን ኖሮ ጃፈር ለጁምዓ ይቸኩል ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ አልቸኮለም፤ ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ነው የዋለው።» ተግባር የሚያስተምረው ባልደረባዋ ተፈራ ሰኞ ነበር ብሎ ይከራከራታል። ማስረጃው ያን ዕለት የለበሰው፣ ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚለብሰው ጃኬት ነው። እሷ የምታስታውሰው ውርጩን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ የማይጥልበት ጠዋት ስንት ነው? ውርጩም ለማስረጃነት አይበቃም። ቀኑ እንግዲህ ይቅር። ተማሪያቸው ጃፈር በመጀመሪያው የመንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና የወደቀበት ቀን ነበር፤ ይህ አያከራክርም።

ለተጊዮርጊስ አምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ተምራ፣ አሥራ ስድስት ዓመት መዘዞ ከተማ ስለ ሰበቃና ስለ ስበት ስታስተምር ኖራ፣ ዓይናቸው የጠፋ እናቷን ልትጦር ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰች። አሁን ከከተማው ዳር ባለ አንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ቲዮሪ ታስተምራለች። ማሠልጠኛው ሁለት የቆርቆሮ ክፍል፣ ጎኑ ተቀዶ ለማስተማሪያ የቆመ አንድ ሞተር፣ አንድ የቤት መኪናና አንድ ያረጀ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና አለው። ግቢው ጀርባ የተቆለለ የአፈር ጉብታ አለ፤ ተማሪዎቹ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳትን የሚለማመዱበት ነው። ተፈራ በትልቁ ተራራ ስም «ጣርማ በር» ብሎ ይጠራዋል፤ ቁመቱ ከአንድ ቤት አይበልጥም።

ጃፈር የመጣው በመስከረም ነው። አርባ አንድ ዓመቱ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ። የአልዩ አምባ ሰው ስለሆነ ብርዱን አይችለውም፤ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ ሽርጡን ከሱሪው በላይ አገልድሞ ገባ። ተፈራ ነበር የመዘገበው።

«ሥራ?»

«ረዳት።»

«የጭነት መኪና? ስንት ዓመት?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ተፈራ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያማ ለወረቀቱ ነው የመጣኸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ረዳት ሆኖ መንዳት የማይችል ሰው አላውቅም።»

«ነድቼ አላውቅም።»

«ተው እንጂ! ቤንዚን ማደያ ውስጥ እንኳን? ሹፌሩ ሲተኛ?»

«ጋሽ ዓብዱራህማን ወረቀት የሌለው ሰው መሪ አይነካም ይላሉ። መኪናው ውስጥ ሲተኙም ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ነው።»

ዓብዱራህማን የመኪናውም ባለቤት፣ ሹፌሩም ናቸው። ሰባ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። መኪናቸው ከአልዩ አምባ ማሾና ሽንኩርት ጭኖ አንኮበርን ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ያራግፋል፤ ሲመለስ ስኳር፣ ዘይት፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ብርድ ልብስ ይዞ ይወርዳል። ያ መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና ለማሳለፍ፣ ሞተር ለማቀዝቀዝ፣ ኬላ ላይ ለመፈተሽ አጋማሹ ላይ መቆም አለ። መኪናው በቆመ ቁጥር ረዳቱ ይወርዳል። ከጋቢናው ጀርባ በሰንሰለት የተንጠለጠለውን ታኮ፣ ጃፈር ራሱ ከወይራ ጠርቦ የሠራውን ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት፣ አንሥቶ ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። ጎኑን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። ያኔ ሹፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ያነሣል።

ለምን በአርባ አንድ ዓመቱ መጣ? ለተጊዮርጊስ በሁለተኛው ሳምንት ጠየቀችው፤ ጃፈር ሳያስረዝም ነገራት። የጋሽ ዓብዱራህማን ዓይን ደክሟል። መንጃ ፈቃዳቸው የሚታደሰው በየካቲት አጋማሽ ነው፤ ለማሳደስ ደግሞ የዓይን ምርመራ አለ፤ እንደማያልፉ ራሳቸው ያውቁታል። ደሴ ያለው ልጃቸው ሰላሀዲን መኪናውን የሚገዛ ሰው አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሽማግሌው ግን ልጃቸውን ቀጠሮ ጠይቀውታል፤ እስከ የካቲት ጃፈር መንጃ ፈቃድ ካወጣ መኪናው አይሸጥም፣ ጃፈር ይነዳዋል። ካላወጣ ይሸጣል።

«ቢሸጥስ? አዲሱ ባለቤት አንተን አይቀጥርህም?»

«ረዳት ከመኪናው ጋር አይሸጥም፣ መምህርት» አለ ጃፈር። ሚስቱ ሁስናና አራት ልጆቹ አልዩ አምባ ናቸው። ስለ እነሱ ከዚህ ሌላ አላነሳም።

ክፍል ውስጥ ከሁሉም በስተቀኝ፣ በሩ ሥር ይቀመጣል። የምትናገረውን ሁሉ ይጽፋል፤ የማታ ተምሮ በቅርቡ ነው ለመንጃ ፈቃድ የሚፈለገውን የትምህርት ማስረጃ ያገኘው፤ ፊደሎቹ እንደ ልጅ ጽሑፍ ትልልቅ ናቸው። ጥያቄ የሚጠይቀው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ቀን ግን ለተጊዮርጊስ ከድሮ የፈተና ወረቀት ላይ አነበበች፦

«ተሽከርካሪ ዳገት ላይ ሲቆም አሽከርካሪው በቅድሚያ ምን ያደርጋል? ሀ፣ ሞተር ያጠፋል። ለ፣ የእጅ ፍሬን ይይዛል። ሐ፣ መብራት ያበራል። መ፣ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል።»

ጃፈር እጁን አወጣ። «መልሱ የለበትም።»

«እንዴት የለበትም?»

«ታኮ የሚል የለም።»

ክፍሉ ሳቀ። ከፊት የምትቀመጠው ህሊና ዞር አለች። ህሊና በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ ያጣች፣ በመጨረሻ «የጭነት መኪና ይቅጠረኝ» ብላ የተመዘገበች የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ምላሷ አያርፍም። «ጋሽ ጃፈር፣ ጥያቄው እኮ ስለ ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ መሪውን ጥሎ ታኮ ሊያደርግ ይወርዳል?»

«ሰው ይወርዳል።»

«ማን?»

«እኔ።»

ሳቁ እስኪበርድ ለተጊዮርጊስ ጠበቀች። «በፈተናው ቀን ሹፌሩ አንተ ነህ። ‘ለ’ን ነው የምትመርጠው።»

«እመርጣለሁ» አለ ጃፈር እየጻፈ። «ጎደሎ ግን ነው።»

የቲዮሪው ፈተና በኮምፒውተር ነው። ጃፈር ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ህሊና ከቤቷ ላፕቶፕ አምጥታ ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት አለማመደችው። «ቀስ! ማውሷን እንዲህ አትጭመቃት፤ ማርሽ አይደለችም እኮ!» እያለች ትጮህበታለች፤ እሱም እጁን አንሥቶ መዳፉን ሽርጡ ላይ ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። ከሃምሳው ጥያቄ አርባ አንዱን አገኘ። ማለፊያው ሠላሳ ሰባት ነው። ከፈተናው ክፍል ሲወጣ ለተጊዮርጊስን በር ላይ አገኛትና ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው። «‘ለ’ን መረጥኩ።»

ተግባሩ ሌላ ጣጣ ነበረው። ጃፈር አሥራ ዘጠኝ ዓመት መንገድ ያየው ከቀኝ ወንበር ነው። የገደሉን ጠርዝ እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል፤ ጎማው ከጠርዙ ስንት ስንዝር እንደራቀ ሳያይ ይናገራል። ግራ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ሸሸበት። ጠርዙን ፍለጋ መኪናውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ይገፋዋል።

«ቦይ ውስጥ ልትከተን ነው እንዴ ሰውዬ!» ይጮሃል ተፈራ።

«ዳሩ ራቀኝ።»

«ይራቅህ! ዳር እኮ የሚወደደው ሲርቅ ነው!»

በሦስት ሳምንት ለመደው። ወደ ኋላ ማቆሙ፣ በቋሚዎቹ መካከል መጠማዘዙ፣ የስፖኪዮ አጠቃቀሙ ተፈራን አስገረመው። «እኔ ራሴ እንዲህ አላቆምም» አለ ለለተጊዮርጊስ፤ ወዲያው ደግሞ «እንዳትነግሪው» ብሎ ጨመረ። ጉብታውንም ያለ ችግር ይወጣዋል። ይቆማል፣ የእጅ ፍሬኑን ይይዛል፣ ስፖኪዮውን ያያል፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቆ ይነሣል። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አይንሸራተትም።

ፈተናው ሌላ ሜዳ ላይ፣ በሌላ መኪና ነበር። ሜዳው ተጠርጎ ንጹሕ ነው። ፈታኙ በቀኝ ተቀምጧል። ጃፈር ወደ ኋላ አቆመ፤ ተጠማዘዘ፤ ወደ ዳገቱ ወጣ። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ለተጊዮርጊስ፣ ተፈራና ህሊና ሁሉንም አዩ። መኪናው መስመሩ ላይ ደረሰ፤ ቆመ። የእጅ ፍሬኑ ተያዘ። ቀጥሎ የሹፌሩ በር ተበረገደና ጃፈር ዘሎ ወረደ። ዞሮ በሩጫ ወደ ኋላ ጎማ ሄደ። ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ድንጋይ ፈለገ፤ በዚያ በተጠረገ ሜዳ ድንጋይ የለም። ዙሪያውን አየ። ያኔ ነው ደንግጦ ቀጥ ያለው። አንድ እጁ የመኪናውን ጎን ሁለቴ ሊመታ ተዘርግቶ፣ እንደተዘረጋ ቀረ። መኪናው ውስጥ ፈታኙ ብቻውን ቁጭ ብሏል።

መጀመሪያ የሳቁት ተራቸውን የሚጠብቁት ተፈታኞች ናቸው። ህሊና እንኳን አልሳቀችም። መኪናው አልተነቃነቀም፤ ፍሬኑ ደህና ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። ፈታኙ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። «የደህንነት ቀበቶህን መቼ ፈታኸው?» ብሎ ጠየቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገርሞት ነው።

«አላውቅም» አለ ጃፈር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ሜዳው ዳር ቁጭ አለ። ለተጊዮርጊስ አጠገቡ ቆመች። ስትመጣ በልቧ አንድ ታሪክ ሠርታ ነበር፤ ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ የሚሆነው ድሮ አንድ ነገር ደርሶበት ነው፤ አንድ ቀን ታኮው ዘግይቶ፣ መኪና ወደ ኋላ ሄዶ፣ ሰው ጠፍቶ ይሆናል ብላ።

«ጃፈር፣ ያን መንገድ ላይ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነበር?»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«አደጋ።»

ጃፈር አሰበ። «የለም። ምንም ሆኖ አያውቅም።» «ምንም ያልሆነው ስለምወርድ ነው።»

ለተጊዮርጊስ ማታ እቤቷ ስታስበው ያ መልስ ቀኑን ሙሉ ከሰማችው ሁሉ የቀና ሆኖ አገኘችው። እሷም ዘጠኝ ዓመት እናቷን በክንዷ ይዛ ቤተ ክርስቲያን አመላልሳለች። እናቷ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዛሬም መንገድ ላይ ስትሄድ ቀኝ ክርኗ ከጎኗ ርቆ ለሚይዘው እጅ እንደተመቻቸ ነው፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ጋ ስትደርስ ቆም ትላለች፤ «እግርዎን ያንሡ» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ይደርሳል። ክርኗን ብዙ ጊዜ ወደ ጎኗ ሰብስባዋለች። ትንሽ እልፍ ስትል ተመልሶ ይርቃል። ይህንን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለጃፈርም አልነገረችውም።

ግን አንድ ነገር አልዋጥልሽ አላት። ለምን ልምምድ ላይ አልወረደም? ሃያ ጊዜ ጉብታው ላይ ቆሟል፤ አንድም ቀን በሩን አልከፈተም። በማግሥቱ ሌላ ተማሪ ሲለማመድ ወጥታ አየች። የማሠልጠኛው መኪና የእጅ ፍሬን ያረጀ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጉብታው ላይ በቆመ ቁጥር ተፈራ ከተማሪዎቹ አንዱን ድንጋይ አስይዞ ከኋላ ጎማው አጠገብ ያቆማል። ጃፈር ስፖኪዮውን ሲያይ ሁልጊዜ አንድ ባለ ድንጋይ ያይ ነበር። በፈተናው ቀን አየ፤ ማንም የለም። ማንም ከሌለ ደግሞ ሥራው የማን እንደሆነ እግሩ ያውቃል።

ለተፈራ ስትነግረው ራሱን ያዘ። «እኔ ነኛ የጣልኩት!»

ከሁለት ቀን በኋላ ዓብዱራህማን ራሳቸው መጡ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ በከዘራቸው መሬቱን እየዳበሱ ነው የሚራመዱት። ለሹፌር ይህ ጥሩ ምልክት አልነበረም።

«ልጄን የጣለው የቱ ነው?»

ተፈራ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀ። «አባት፣ ማንም አልጣለውም። ራሱ ወርዶ ነው።»

«ከየት?»

«ከመኪናው።»

«ታዲያ ከመኪና መውረድ ወንጀል ሆነ?»

«እየነዱ ከሆነማ አዎ።»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ለተጊዮርጊስ የስፖኪዮውን ነገር አስረዳቻቸው። እያዳመጡ ሳቃቸው ጠፋ።

«የኔ እመቤት» አሉ፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ‘ውረድ’ ብዬው አላውቅም። ፍሬን ስይዝ የበሩን ድምፅ እሰማለሁ። መኪናው መቆሙን የማውቀው በዚያ ነው። አሁንማ ዓይኔም እንዲህ ከሆነ ወዲህ በሱ በር ነው የምነዳው።» ከዘራቸውን አዟዟሩት። «እኔው ነኝ እንግዲህ ያስለመድኩት። እኔው አስተወዋለሁ።»

«እንዴት አድርገው?» አለ ተፈራ።

«ይሄ የትምህርት ቤት ነገር አይደለም» አሉና ሄዱ።

ሁለተኛው ፈተና ለታኅሣሥ ተቀጠረ። በታኅሣሥ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘጋ፤ ፈታኞቹ አልመጡም። ለጥር አምስት ተባለ፤ ያም ቀረ። ጃፈር መንገድ ሲከፈት እየመጣ፣ ሲዘጋ እዚያው ከተማ ከመኪናው ጋር እያደረ ይጠብቃል። ሰላሀዲን ከደሴ በየሳምንቱ ይደውላል። ገዢው ቢጠብቅም እስከ የካቲት አሥር ነው።

አንድ ከሰዓት ጃፈር ወደ ማሠልጠኛው ብቅ አለ። ለተጊዮርጊስ የሽማግሌውን ዘዴ ጠየቀችው። መናገር አልፈለገም፤ ጫማውን እያየ ጀመረ።

«ያን ዕለት ማሾ ጭነን ወደ አንኮበር እየወጣን ነው። ከጎረቤላ በታች ያለው ዳገት ላይ ቆሙ። በሩን ልከፍት ስል ‘እጅህን ጭንህ ሥር አድርግ’ አሉኝ። ‘ምነው ጋሼ?’ ስል ‘አድርግ ብያለሁ’ አሉ። አደረግኩ። በራሳቸው በር ወረዱ።»

«እሳቸው?»

«እሳቸው። ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ አያውቁም፣ መምህርት። መኪናውን እየዳበሱ ነው ወደ ኋላ የሄዱት። ታኮውን ከሰንሰለቱ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው! እኔ በስፖኪዮ አያለሁ። አንድ ሽማግሌ ጎማ ሥር ተንበርክኮ በእጁ ይፈልጋል፤ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሲመለሱ ‘ከዚህስ ፈተናው ይቅርብኝ’ አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‘ገና አራት ዳገት አለን’ አሉኝ።»

ለተጊዮርጊስ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። በዚያ ጉዞ አምስት ጊዜ ወርደዋል። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሦስተኛው ግን ሽማግሌው ፍሬናቸውን ይዘው ሞተሩን አጠፉ እንጂ አልወረዱም። ‘ዛሬ ማንም አይወርድም’ አሉ። ሁለቱም ወደ ፊት እያዩ ተቀመጡ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መኪናው እንደቆመ ቆየ።»

«አንተስ?»

«እኔ ሁለቱንም ሹራብ አወለቅኩ። ላብ በላብ ሆኜ። እሳቸው ይዘምራሉ።»

«ይዘምራሉ?»

«መንዙማ። ቀስ ብለው። ጨርሰው ነው ሞተሩን ያስነሡት።»

ፈታኞቹ የመጡት ጥር ሃያ ሰባት ነው። ይህን ቀን ለተጊዮርጊስ አትጠራጠረውም፤ ማክሰኞ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ዙር ቢጠራ የሚደርሰው ከየካቲት አሥር በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ዙር አልነበረም ማለት ይቻላል። መንገዱም እስከ ቀትር ብቻ ክፍት ነው ተብሏል። ዓብዱራህማን መኪናውን ስኳርና ብርድ ልብስ አስጭነው ከሜዳው ማዶ አስፋልቱ ዳር አቁመው መሪው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ርቀት ዳገቱን ማየት አይችሉም። ህሊና ቀድማ ተፈትና አልፋለች፤ አጥሩ ሥር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ጋሽ ጃፈር! ቂጥህን ወንበሩ ላይ ይስፉልህ?» ብላ ጮኸችበት ሲያልፍ።

«ክሩ ካለሽ» አላት።

ወደ ኋላ አቆመ፤ ተጠማዘዘ። ወደ ዳገቱ ዞረ። ለተጊዮርጊስ የቆመችው ከመኪናው ግራ፣ የሹፌሩ በርና የሹፌሩ ስፖኪዮ በደንብ በሚታይበት ቦታ ነበር። ከኋላ ጎማው አጠገብ ማንም የለም፤ ዞር ብላ አረጋግጣለች። የተጠረገ አፈር ብቻ ነው።

መኪናው መስመሩ ላይ ቆመ። የእጅ ፍሬኑ ተያዘ።

አንድ ትንፋሽ ያህል ምንም የለም። ከዚያ የበሩ መክፈቻ ቀጭ አለና በሩ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ። ተፈራ «ወይኔ» አለ በለሆሳስ። በስንጥቁ የጃፈር ግራ ጉልበት ሲንቀሳቀስ ታየ። ፊቱ ወደ ስፖኪዮው ነው። ለተጊዮርጊስ የዓይኑን አቅጣጫ ተከተለች፤ ስፖኪዮው ውስጥ ያንኑ ባዶ አፈር እንደሚያይ ታውቃለች፤ እሱ ግን የሆነ ነገር እንደሚያይ ሰው አተኩሮ ነበር። ስንት ሰኮንድ እንደሆነ ሊስማሙ አልቻሉም። ተፈራ አሥር ይላል። ህሊና አንድ ደቂቃ ትላለች።

በሩ ተዘጋ። ቀስ ተብሎ፣ ከውስጥ ተስቦ። ሞተሩ ድምፁን ጨመረ፤ መኪናው አንድ ስንዝር ሳይንሸራተት ወደ ፊት ተነሣ፤ ጫፉ ላይ ወጥቶ በወዲያኛው በኩል ወረደ።

ፈታኙ ያው የኅዳሩ ሰው ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ «በሩ ለምን ተከፈተ?» ብሎ ጠየቀ።

«መጀመሪያ በደንብ አልተዘጋም ነበር» አለ ጃፈር።

ፈታኙ አየው። «ነጥብ ያስቀንሳል።»

«ይቀነስ።»

ቀነሰ። ቢቀነስም አለፈ። ወረቀቱ ላይ ሲፈርምለት ጃፈር ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለና አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መንጃ ፈቃዱ ታትሞ እስኪወጣ ጥቂት ቀን ይወስዳል፤ ከየካቲት አሥር በፊት ግን ይደርሳል። ህሊና ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱ እንዴት እንደሚያስለቅቃት ግራ ገብቶት እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ቆመ። ተፈራ ጀርባውን ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

ለተጊዮርጊስ ወደ ኋላ ቀርታለች። ልትጠይቀው የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ፣ ሰውነቱ ወርዶ ሊያልቅ ሲል፣ ምን ይዞ እንዳስቀረው። ሽማግሌውን ጎማ ሥር ተንበርክከው አይቶ ነው? ወይስ ማንም እንደሌለ ከልቡ አይቶ፣ ማንም ባይኖርም መኪናው እንደሚቆም አምኖ? ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ለእሷ፣ ለዚያ ለማይሰበሰብ ክርኗ ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥያቄው እንደ መምህርት ጥያቄ እንዳይመስልበት ቃላቱን እየመረጠች ወደ እሱ ተራመደች።

ከአስፋልቱ ጥሩምባ ተነፋ፤ አንዴ፣ ረጅም። አምስት ሰዓት አልፏል፤ መንገዱ ሊዘጋ ነው።

«መምህርት!» አለ ጃፈር ሲያያት፤ ሽርጡን እያጠበቀ፣ ፊቱን ወደ ጥሩምባው እያዞረ። «አላህ ይስጥልኝ። እመጣለሁ፣ ቆይቼ እመጣለሁ።»

«ጃፈር፣ አንድ ነገር—»

ሜዳውን አቋርጦ እየሮጠ ነበር። መንጃ ፈቃዱ እስኪወጣ ረዳት ነው፤ በቀኝ በኩል ዞሮ ጋቢና ወጣ። በሩ ሲዘጋ የሰሙት ሽማግሌ መኪናውን አንቀሳቀሱ። መኪናው ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ታጥፎ፣ ከአንድ ግንብ ጀርባ ለአፍታ ተሰውሮ፣ እንደገና ብቅ ብሎ ሄደ።